ኢስቶኒያና ፊንላንድ፦ የርካሽ ጉልበት ዘመን ሲያበቃ ምን ይቀራል?

ከታሊን ወደብ የተነሣ የመንገደኞች መርከብ ሄልሲንኪ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በመካከል ያለው የፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት በዚህ መስመር በዓመት ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ መንገደኛ ይመላለስ ነበር። የኢስቶኒያ ሕዝብ ከ1.4 ሚሊዮን እንደማይበልጥ፣ የፊንላንድም 5.6 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር እጅግ ከፍተኛ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ ሽርሽር የሚሄዱ ናቸው። ሆኖም የሁለቱን ሀገራት ግንኙነት ለሃያ ዓመታት ያህል የመራው አርብ ማታ ከሄልሲንኪ ወደ ታሊን፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ንጋት ደግሞ ከታሊን ወደ ሄልሲንኪ የሚሳፈረው ሠራተኛ ነበር፤ ግንበኛው፣ ጠጋኙ፣ ሾፌሩ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሐኪሟ። እነዚህን ሰዎች ያንቀሳቅሳቸው የነበረው የደመወዝ ልዩነት ዛሬ በእጅጉ ጠቧል። ያጠበበውም የድንበር ቁጥጥር አይደለም፤ በኢስቶኒያ ውስጥ የመጣው ዕድገት ነው። ስለ ስደት በሚደረገው የአውሮፓ ክርክር ውስጥ ይህ እውነት ተገቢውን ቦታ ያገኘ አይመስለኝም።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

ፊንላንዶችና ኢስቶኒያውያን የቋንቋ ዘመዳሞች ናቸው። የብሔራዊ መዝሙራቸው ዜማ እንኳ አንድ ነው። ነፃነታቸውን ያወጁትም በወራት ልዩነት ነው፤ ፊንላንድ በዲሴምበር 1917፣ ኢስቶኒያ በፌብሩዋሪ 1918። ኢስቶኒያ ከቦልሼቪኮች ጋር ስትዋጋ ከ3,000 በላይ ፊንላንዳውያን በጎ ፈቃደኞች ባሕሩን ተሻግረው አብረዋት ተሰልፈዋል። በ1920 ሁለቱም ከሶቪየት ሩሲያ ጋር የሰላም ውል የፈረሙት በአንዲት የኢስቶኒያ ከተማ፣ በታርቱ ነው። በ1930ዎቹ የሁለቱ ሀገራት የኑሮ ደረጃ ያን ያህል የተራራቀ አልነበረም።

መንገዳቸው የተለያየው በ1939 እና በ1940 ነው። ኢስቶኒያ የሶቪየት ጦር ሰፈሮች በምድሯ እንዲቋቋሙ ተገደደች፤ ከእነዚሁ ሰፈሮች የተነሡ አውሮፕላኖች ፊንላንድን ደበደቡ። ፊንላንድ ተዋጋች፤ ሰፊ መሬት ብታጣም መንግሥቷን አተረፈች። ኢስቶኒያ ግን በ1940 በሶቪየት ኅብረት ተዋጠች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃምሳ ዓመታት አንዷ የገበያ ኢኮኖሚዋንና የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓቷን ስትገነባ፣ ሌላዋ በሞስኮ ዕቅድ ትተዳደር ነበር። የደመወዙ ልዩነት ሥሩ እዚህ ላይ ነው። የኢስቶኒያ ሠራተኛ በ2004 በአምስት እጥፍ ያነሰ ደመወዝ ይከፈለው የነበረው አያቱ ከፊንላንዱ ጎረቤት ይልቅ ሰነፍ ስለነበር አይደለም።

በሶቪየት ዘመንም ቢሆን ክሩ ፈጽሞ አልተበጠሰም። የፊንላንዱ ፕሬዚዳንት ኡርሆ ኬኮነን በ1964 ኢስቶኒያን ጎብኝተው በታርቱ ዩኒቨርሲቲ በኢስቶኒያ ቋንቋ ንግግር አደረጉ። በማግስቱ ዓመት በሄልሲንኪና በታሊን መካከል የመንገደኞች መርከብ ሥራ ጀመረ። ለፊንላንድ ቱሪስቶች ማረፊያ እንዲሆን በፊንላንድ ተቋራጭ የተሠራው የታሊኑ ቪሩ ሆቴል በ1972 ተከፈተ፤ የሶቪየት የስለላ ድርጅት ኬጂቢም ከላይኛው ፎቅ ላይ የመጥለፊያ ክፍል ነበረው። ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሠራው ግን የፊንላንድ ቴሌቪዥን ነው። ሞገዱ ሰሜን ኢስቶኒያ ድረስ ይደርስ ስለነበር አንድ ትውልድ ሳሎኑ ተቀምጦ ፊንላንድኛ ለመደ፤ ከማዶ ያለው ሱቅ ምን እንደሚመስልም በዓይኑ አየ። ኋላ ድንበሩ ሲከፈት ይህ ትውልድ ቋንቋውን ይዞ ተሻገረ።

ፊንላንድ በ1990 እና በ1991 ለኢስቶኒያ ነፃነት በይፋ ለመቆም ተጠንቅቃ ነበር። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ማውኖ ኮይቪስቶ ሞስኮን ላለማስቆጣት ብዙ ይጨነቁ ስለነበር በኢስቶኒያ የብዙ ሰው ቅሬታ አተረፉ። በመጨረሻ የተጠቀሙበት መከራከሪያ ግን ጥበብ ነበረው፦ ፊንላንድ ለኢስቶኒያ በ1920 ዕውቅና ሰጥታለች፣ ያንንም አንሥታ አታውቅም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው የዲፕሎማሲ ግንኙነቱን መመለስ ብቻ ነው። ግንኙነቱም በኦገስት 29 ቀን 1991 ተመለሰ።

የሥራ በሩ አከፋፈት

በ1990ዎቹ ቀድመው የተሻገሩት በአብዛኛው የኢንግሪያ ፊንላንዳውያን የሚባሉት፣ የዘር ሐረጋቸው ከፊንላንድ የሚመዘዝ የሶቪየት ዜጎች ናቸው። ኮይቪስቶ በ1990 እንደ ተመላሽ ሊቆጠሩ እንደሚገባ ከተናገሩ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ከኢስቶኒያም ከሩሲያም ሄዱ። ካፒታሉ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጓዝ ነበር። ኤልኮቴክ የተባለው የፊንላንድ ኤሌክትሮኒክስ ገጣጣሚ በታሊን ፋብሪካ ከፍቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ቀጠረ፤ የኢስቶኒያ የወጪ ንግድም ለዓመታት በዚህ አንድ ፋብሪካ ላይ ጥገኛ ሆኖ ነበር። የስዊድንና የፊንላንድ ኩባንያዎች በድምሩ የኢስቶኒያ ዋነኞቹ የውጭ ባለሀብቶች ሆኑ።

ኢስቶኒያ በሜይ 2004 የአውሮፓ ኅብረትን ስትቀላቀል አማካይ የወር ደመወዟ ከ500 ዩሮ በታች ነበር። ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ለአዲሶቹ አባላት ሠራተኞች የሥራ ገበያቸውን ወዲያው ከፈቱ። የቅርቧ ዘመድ ፊንላንድ ግን እስከ ኤፕሪል 2006 ድረስ የሽግግር ገደብ ጣለች። ገደቡ ግን ክፍተት ነበረበት። በፊንላንድ አሠሪ ለመቀጠር ፈቃድ ቢያስፈልግም፣ የኢስቶኒያ ኩባንያ የራሱን ሠራተኞች ይዞ መጥቶ «አገልግሎት» እንዲሰጥ የኅብረቱ ሕግ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው ገባ፤ የገባው ግን በኢስቶኒያ ውል፣ ብዙ ጊዜም የፊንላንድ ሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች ከተስማሙበት ደመወዝ በታች በሆነ ክፍያ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ገደብ ሊከላከልለት የወጣውን የፊንላንድ ሠራተኛ ይበልጥ ጎድቷል። በግልጽ የሚቀጠረውን አግዶ በተዘዋዋሪ የሚመጣውን ስላበዛ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ሊቆጣጠሩት የማይችሉት ገበያ ፈጠረ።

ግጭቱ ጎልቶ የወጣው በሮሴላ መርከብ ጉዳይ ነው። ሮሴላ በሄልሲንኪና በታሊን መካከል የምትሠራ የቫይኪንግ ላይን ኩባንያ መርከብ ነበረች። ባንዲራዋ የፊንላንድ ስለሆነ ሠራተኞቿ የሚከፈላቸው በፊንላንድ ስምምነት ነው። በዚያው መስመር የሚሠሩት የኢስቶኒያ መርከቦች በኢስቶኒያ ደመወዝ ስለሚንቀሳቀሱ ሮሴላ ትከስር ጀመር። ባለቤቱ በ2003 ባንዲራዋን ወደ ኢስቶኒያ ቀይሮ በርካሽ ሊቀጥር አሰበ። የፊንላንድ መርከበኞች ማኅበር አድማ እመታለሁ አለ። መቀመጫው ለንደን የሆነው ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽንም አባል ማኅበራቱ፣ የኢስቶኒያው ጭምር፣ ከኩባንያው ጋር እንዳይደራደሩ በደብዳቤ አሳሰበ። ኩባንያው እንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ጉዳዩም ወደ አውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ተመራ።

ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 11 ቀን 2007 በሰጠው ውሳኔ የአድማ መብት መሠረታዊ መብት መሆኑን ተቀበለ። ነገር ግን አድማው ኩባንያው በሌላ አባል ሀገር የመቋቋም ነፃነቱን የሚገድብ ከሆነ በበቂ ምክንያት የተደገፈና የተመጣጠነ መሆን አለበት አለ። የተመጣጠነ ነው አይደለም የሚለውን ለሀገሩ ፍርድ ቤት ተወው፤ ባለጉዳዮቹም በ2008 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። በዚህ ክርክር ላይ ነባሮቹ የኖርዲክ ሀገራትና አዲሶቹ የባልቲክ አባላት በተለያየ ጎራ መቆማቸው አያስገርምም። ለሄልሲንኪው መርከበኛ ጉዳዩ በትግል ያገኘው ደመወዝ ነው። ለታሊኑ መርከበኛ ደግሞ ያለው አንድ ጥቅም በርካሽ መሥራቱ ነው፤ እሱም እንዳይሠራበት ተከለከለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱን እውነቶች ሊያስታርቅ የሚችለው ልዩነቱ ራሱ መጥበቡ እንጂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አልነበረም።

ልዩነቱ ከመጥበቡ በፊት ግን ክፉ ቀን መጣ። በ2009 የኢስቶኒያ ኢኮኖሚ በ14 ከመቶ ያህል አሽቆለቆለ፤ በ2010 መጀመሪያ ሥራ አጥነት ወደ 20 ከመቶ ተጠጋ። የታሊን የግንባታ ቦታዎች ጭር ሲሉ ግንበኛው መርከብ ተሳፈረ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 25,000 የሚጠጉ የኢስቶኒያ ነዋሪዎች ሥራቸው ውጭ ሀገር እንደሆነ ተመዘገበ፤ ከእነዚህ 15,000 ያህሉ የሚሠሩት ፊንላንድ ነበር። ይህ እንግዲህ ኑሯቸውን ጨርሰው ወደ ፊንላንድ ያዛወሩትን አይጨምርም። የእነሱ ቁጥር በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ50,000 በላይ ደርሷል። ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ይህ ለኢስቶኒያ ከባድ ቁጥር ነው።

ስደት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ዓመታት የሚፈጅ መለየት ነው። የኢስቶኒያው ግን የሳምንት መለየት ነበር። አባት ሰኞ ይሄዳል፣ አርብ ወይም በአሥራ አምስት ቀኑ ይመለሳል። ሀገራቸው ውስጥ እነዚህ ሠራተኞች «ካሌቪፖየግ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ በጥንታዊው አፈ ታሪክ ባሕሩን እየዋኘ ወደ ፊንላንድ የተሻገረው ጀግና ስም ነው። ገቢው ቤት ሠርቷል፣ የባንክ ዕዳ ከፍሏል። ጉዳቱ የታየው ከታሊን ርቀው በሚገኙት የደቡብና የምሥራቅ ትንንሽ ከተሞች ነው፤ ልጆች በአንድ ወላጅ፣ አንዳንዴም በአያት እጅ አደጉ። የሐኪሞቹ ፍልሰት ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። በኢስቶኒያ ግብር ከፋይ ገንዘብ የሠለጠነ ሐኪም የፊንላንድ ጤና ጣቢያን ክፍት ቦታ ይሞላል፤ ፊንላንድ ለሥልጠናው የከፈለችው ነገር የለም። በኦክቶበር 2012 የኢስቶኒያ ሐኪሞች አድማ ሲመቱ የክፍያና የሥራ ጫና ጥያቄያቸው ከዚህ ፍልሰት ተለይቶ የሚታይ አልነበረም።

ስለ ነፃ የሠራተኛ ዝውውር ሲጻፍ ይህ ወጪ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሌላውም ወገን ዝምታ እንዲሁ ነው። የሄልሲንኪ አካባቢ አዳዲስ መኖሪያ ሰፈሮች የተገነቡት በከፊል በኢስቶኒያውያን እጅ መሆኑን በፊንላንድ የምርጫ ክርክሮች ውስጥ የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ፊንላንድ በኋላ የወሰደችው እርምጃ ከ2004ቱ ገደብ የተሻለ ነበር። ከ2012 ጀምሮ በግንባታ ቦታ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሰው፣ ዜጋም ሆነ የውጭ ሰው፣ የግብር ቁጥሩና ፎቶው ያለበት መታወቂያ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ግዴታ ሆነ። ማን በማን ስም እንደሚሠራ መታወቅ ጀመረ። በድብቅ የሚከፍለው ተቋራጭ መንቀሳቀሻው ጠበበ፤ በሕግ የሚሠራው ኢስቶኒያዊም ዋጋውን በሚያበላሽበት ሌላ ኢስቶኒያዊ ከመጎዳት ዳነ።

በጥቅሉ ስለ ሁሉም የኢስቶኒያ ነዋሪዎች መናገር ግን ልክ አይሆንም። በሶቪየት ዘመን መጥተው የሰፈሩ፣ ዜግነታቸው ያልተወሰነ በርካታ ራሽያኛ ተናጋሪዎች አሉ። የያዙት ግራጫ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ለመጓዝ ቢያገለግልም በሌላ የኅብረቱ አባል ሀገር በነፃ ሠርቶ የመኖር መብት አይሰጥም። በሩሲያ ድንበር ላይ ካለችው ከናርቫ ከተማ የወጡ ሁለት ግንበኞች አንዱ ዜጋ ሆኖ መርከቡን ሲሳፈር ሌላው ዜጋ ባለመሆኑ ወደኋላ ቀርቷል።

ልዩነቱ ሲጠብ

ኢስቶኒያ በ2011 ዩሮን ተቀበለች፤ ደመወዟም ከዓመት ዓመት አደገ። በ2024 አማካዩ ወደ 2,000 ዩሮ ተጠግቷል። በፊንላንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አማካይ ከ3,700 ዩሮ ይበልጣል። አምስት እጥፍ የነበረው ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ወረደ ማለት ነው። በፊንላንድ የቤት ኪራይ፣ የመርከብ ቲኬትና የግብር ወጪ ሲቀነስ፣ ችሎታ ላለው ግንበኛ መሻገሩ የሚያዋጣ አይደለም። በ2010ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከፊንላንድ ወደ ኢስቶኒያ የሚመለሱት ከሚሄዱት መብለጥ ጀመሩ። ከዚያም ወረርሽኙ መጣ። በማርች 2020 ፊንላንድ ድንበሯን ስትዘጋ ተመላላሹ ሠራተኛ ከማዶ ቀርቶ ለመሥራት ወይም ቤቱ ለመቀመጥ መምረጥ ነበረበት፤ ከሁለቱ አንዱን የመረጠ ብዙ ሰውም ወደ ቀድሞው ምልልስ አልተመለሰም። ቀጥሎ የፊንላንድ የቤት ግንባታ ሲቀዛቀዝና ሥራ አጥነት ሲጨምር የስበቱ ኃይል ይበልጥ ደከመ።

የአልኮል ንግዱም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ኢስቶኒያ ኅብረቱን ልትቀላቀል ስትል ፊንላንድ ሕዝቧ በርካሽ መጠጥ ሻንጣውን ሞልቶ እንዳይመጣ ፈርታ የአልኮል ግብሯን በማርች 2004 በአማካይ በሲሶ ቀነሰች። ውጤቱ አሳዛኝ ነበር፤ የመጠጥ ፍጆታ ጨመረ፣ በአልኮል ምክንያት የሚሞተው ሰውም በዛ። ኢስቶኒያ በበኩሏ በ2017 የቢራን ኤክሳይዝ ታክስ በከፍተኛ መጠን ስታሳድግ ፊንላንዶቹም ኢስቶኒያውያኑም ወደ ላትቪያ ድንበር ሱቆች ፊታቸውን አዞሩ፤ በ2019 መልሳ በሩብ ቀነሰችው። በእነዚህ ዓመታት የአንዷ ሀገር የገንዘብ ሚኒስትር የሌላዋን ዋጋ ሳያይ የራሱን ግብር ሊተምን የማይችል ሆነ።

ወደ ባሕሩ ወለል

የሠራተኛው ምልልስ ሲቀንስ ሁለቱን መንግሥታት የሚያገናኘው ጉዳይ ወደ ኃይልና ወደ ጸጥታ ዞረ። ኢስትሊንክ 1 የተባለው የኤሌክትሪክ ኬብል 350 ሜጋዋት፣ በ2014 ሥራ የጀመረው ኢስትሊንክ 2 ደግሞ 650 ሜጋዋት ያስተላልፋሉ። በ2020 ባልቲክኮኔክተር የተባለው የጋዝ ቧንቧ ተከፈተ።

ይህም ያለ ቅሬታ አልሆነም። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ሁለቱ ሀገራት ፈሳሽ ጋዝ የሚያስተናግድ ተንሳፋፊ ጣቢያ በጋራ ለመከራየት ተስማሙ። ኢስቶኒያ በራሷ ወደብ በፓልዲስኪ መቆሚያውን በጥድፊያ ሠርታ ጨረሰች። መርከቧ ስትመጣ ግን ወደ ፊንላንዷ ኢንኮ ወደብ ሄደች። በቴክኒክ በኩል ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፤ ቧንቧው ጋዙን ወደ ኢስቶኒያም ያደርሳል። በታሊን ግን ብዙዎች ትልቋ እኅት ታናሿን ሳታማክር እንደወሰነች ቆጥረውታል። እኔም ቅሬታው ተገቢ ነው እላለሁ፤ አብሮ መክፈልና አብሮ መዘጋጀት አብሮ ከመወሰን ጋር ካልመጣ አንዱ ወገን አገልጋይ ሆኖ ይቀራል።

በኦክቶበር 2023 የጋዝ ቧንቧው በመርከብ መልሕቅ ተጎተተ፤ ለመጠገን ወራት ፈጀ። በዲሴምበር 25 ቀን 2024 ኢስትሊንክ 2 ተቆረጠ። የፊንላንድ ኃይሎች ኢግል ኤስ የተባለችውን፣ የሩሲያ ነዳጅ የጫነች መርከብ ተሳፍረው አስቆሙ። የሄልሲንኪ ፍርድ ቤት ግን ድርጊቱ የተፈጸመው ከፊንላንድ የግዛት ውኃ ውጭ ስለሆነ የመዳኘት ሥልጣን የለኝም ብሎ በኦክቶበር 2025 ክሱን ዘጋው። ኬብሉ በተቆረጠበት ክረምት፣ በፌብሩዋሪ 2025፣ ሦስቱ የባልቲክ ሀገራት ከሩሲያ የኤሌክትሪክ መረብ ተላቅቀው በፖላንድ በኩል ከአውሮፓው ጋር ተገናኙ፤ ከፊንላንድ በኩል የነበራቸው ያቺው ትንሿ ኬብል፣ ኢስትሊንክ 1፣ ብቻ ነበረች።

ፊንላንድ በኤፕሪል 2023 ኔቶን ስትቀላቀል የባሕረ ሰላጤው ሁለት ዳርቻዎች በአንድ ጦር ቃል ኪዳን ሥር ሆኑ። ኢስቶኒያ በ2004 ገብታ ለ19 ዓመታት ስትጠብቃት ነበር። እስከዚያ ፊንላንድ ስለ ሩሲያ ስትናገር የኢስቶኒያን ማስጠንቀቂያ እንደ ማጋነን የምታይበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነው።

በመንግሥታቱ መካከል ሌላም በጸጥታ የተሠራ ነገር አለ። የኢስቶኒያ መሥሪያ ቤቶች መረጃ የሚለዋወጡበትን ኤክስ ሮድ የተባለ ሥርዓት ፊንላንድም ተቀብላው፣ ከ2017 ጀምሮ ሁለቱ በጋራ በመሠረቱት፣ መቀመጫው ታሊን በሆነ ተቋም ይመራል። ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ የፊንላንድ ሐኪም በኮምፒውተር ያዘዘውን መድኃኒት ኢስቶኒያ ፋርማሲ ገብቶ መቀበል ተችሏል፤ ከዓመት በኋላም በተቃራኒው። ትንሿ ሀገር አስተማሪ የሆነችበት መስክ ይህ ነው።

የቀሩት ሰዎች

ብዙዎች ቢመለሱም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢስቶኒያውያን ፊንላንድ ውስጥ ቀርተዋል። ልጆቻቸው እዚያ ተወልደዋል። ሄልሲንኪ ውስጥ በላቶካርታኖ ትምህርት ቤት በሁለቱም ቋንቋዎች የሚያስተምር ክፍል አለ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ያለው ግን የዋና ከተማዋ ልጅ ነው።

የዜግነት ጥያቄያቸው አልተፈታም። ፊንላንድ ከ2003 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች። የኢስቶኒያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነትን ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቷ ደግሞ በትውልድ የተገኘ ዜግነት ከማንም አይነጠቅም ይላል። በሁለቱ መካከል የወደቀው ሰው በተግባር የሚነካው ባይኖርም በሕግ ግራ የተጋባ ነው። ስለዚህ ብዙው የፊንላንድን ዜግነት ሳይጠይቅ ይኖራል። በማዘጋጃ ቤትና በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ በፊንላንድ ፓርላማ ምርጫ ግን አይችልም። ለታሊኑ ፓርላማ በኢንተርኔት ይመርጣል።

ስለዚህ በሄልሲንኪ አጠገብ ባለችው በቫንታ ከተማ አሥራ አምስት ዓመት ግብር የከፈለ ግንበኛ ከሃያ ዓመት በፊት ለቅቆ በወጣው ወረዳ ማን እንደሚወክለው ይወስናል። የሥራ አጥ መድኅኑን፣ የጡረታ ዕድሜውንና የልጁን ትምህርት በሚወስነው ምክር ቤት ላይ ግን ቃል የለውም። የሁለቱ ሀገራት መሪዎች ሲገናኙ አጀንዳቸው ኬብል፣ ባሕር ኃይልና ሦስተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ታሊን በትውልድ ዜጋ ለሆኑት ጥምር ዜግነትን በግልጽ ብትፈቅድ ከየትኛውም ኬብል ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ ሄልሲንኪም ጉዳዩን በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ለማንሣት ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋትም።